አንድ ጊዜ የሚጣል ሳር

ሎስ አንጀለስ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው አክስቴ ለወይዘሮ ጽጌሬዳ፤

አዲሱ ዓመት እንዴት ተቀበለሽ? ጉልበትሽንስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ደህና ነኝ፤ አንቺን አቆይቶ እኔን ለዚህ ያበቃ አምላክ ይመስገን።

ዛሬ የምጽፍልሽ በደስታ ነው። በአንድ ትልቅ ፊልም ላይ ዋና ሲኒማቶግራፈር ሆኜ ተመርጫለሁ። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅሽ «ፎቶ አንሺ ነው» እንደምትዪ የጎረቤትሽ ልጅ ቤቲ ነግራኛለች፤ ስለዚህ አንዴ ላስረዳሽ። ዳይሬክተሯ ታሪኩን ትመራለች። ታሪኩ በምን ዓይነት ብርሃን፣ ከየት በኩል፣ ምን ያህል ቀርቦ እንደሚታይ የምወስነው ግን እኔ ነኝ። የካሜራና የመብራት ሰዎች ሁሉ በእኔ ሥር ናቸው።

እዚህ የደረስኩት ደግሞ በአንድ ዝላይ አይደለም። ስጀምር ኬብል ጠቅላይ ነበርኩ። ከዚያ ሌንስ ተሸካሚ ሆንኩ፤ ከዚያ ተዋናዩ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል ምስሉ እንዳይደበዝዝ የሚጠብቀው ሰው ሆንኩ፤ ከዚያ ካሜራ ያዥ። የመኪና ማስታወቂያ ቀርጫለሁ፣ የውሻ ምግብ ማስታወቂያም ቀርጫለሁ። የውሻ ምግብ ብርሃን በትክክል ሲያርፍበት ያስጎመጃል፤ አትሳቂ፣ እውነቴን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ፊልሙ አሜሪካ ያደገች አንዲት ሴት የአባቷን ዘመዶች ፍለጋ ወደ አገራችን ሄዳ ከጠባቸው ጋር ስትገጥም የሚያሳይ ነው። መጨረሻው ላይ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው በጠበኞቹ መሃል ይንበረከካሉ። ይህን ትዕይንት ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ሊቀርጹት አስበው ነበር። እኔ ተነስቼ፣ ሳሩን ከሚያውቁት ሰዎች ዘንድ እንሂድ፣ ዶርዜ ላይ እውነተኛ የእርቅ አባቶች አሉ፣ ከሥሩ አርባ ምንጭም አክስት አለችኝ አልኳቸው። ዳይሬክተሯ አመነችኝ። ፕሮዲውሰሮቹ ግን ወጪው በዝቶባቸው አኩርፈዋል፤ ትዕይንቱ ከተበላሸ በቦታዬ ሌላ ሰው እንደሚያስገቡ ፊት ለፊት ነግረውኛል። እንግዲህ ሥራዬን አንቺ እጅ ላይ አስቀምጫለሁ። አባቶቹን አነጋግሪልኝ።

አክባሪሽ የወንድምሽ ልጅ፣ ካሌብ


አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለካሌብ ገነነ፤

ጌታ በሄድክበት ይቅደምህ፤ በገባህበት ሞገስ ይስጥህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሜዳ ላይ ከማንም አላንስም።

ደብዳቤህን ቤቲ ቢሮዋ አትማ አመጣችልኝ። ይሄንንም እኔ በእጄ ጽፌ እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች፤ ለካ ፎቶ አንሺዋ እሷ ናት። ስልክ ደውል የማልልህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ስልክ ላይ አንተ «እሺ እሺ» ትላለህ፣ እኔም እሺ ያልክ ይመስለኛል። ወረቀት ላይ እሺ ያለ ሰው ግን ያዝኩት ማለት ነው። ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር የተማርኩት ይሄንን ነው።

ሹመትህን ስሰማ አልቅሻለሁ። አባትህ ገነነ ቢኖር ሴቻ ሰፈርን ሁሉ ይዞር ነበር። እሱ ስለሌለ እኔ ዞሬያለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ተነግሯል፤ የውሻ ምግቡን ግን ዘልዬዋለሁ።

የኔን ጉዳይ ጠይቀሃል ብዬ ልንገርህ፣ ባትጠይቅም። እዚያው ዶርዜ ላይ ያለው የሟቹ ባለቤቴ የደግነት የቀርከሃ መሬት አሁንም ከወንድሙ ከካሱ ጋር እያካሰሰን ነው። ደግነት ካረፈ ጀምሮ ካሱ «ልጅ የላትም፣ መሬቱ ወደ እኛ ይመለስ» እንዳለ አለ። እኔ ደግሞ ከደግነት ጋር አጎንብሼ የተከልኩትን ቀርከሃ ለማንም አልሰጥም። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እንኳን ፊቱን ያዞራል፤ እኔም አዞራለሁ። ፍርዱ መጋቢት ላይ ነው። ጠበቃዬ «ልብሽን ጣይበት፣ ያንቺ ነው» ብሎኛል። ለጠበቃው ለመጨረሻው ቀጠሮ ትንሽ ብታግዘኝ አልጠላም። ያንን ቀርከሃ ካሸነፍኩ ሌላ ከዚህ ዓለም የምፈልገው ነገር የለም።

ስለ አባቶቹ፣ እወጣና እጠይቃለሁ። ቃል አልገባም።

አክስትህ ጽጌሬዳ


ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው አክስቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ምርቃትሽ ደርሶኛል፤ አንዱንም አላባከንኩም።

ለጠበቃው የጠየቅሽኝን በሚመጣው ወር እልካለሁ፤ በወረቀት ላይ እሺ ብያለሁ፣ ያዢኝ።

ስትወጪ እንዳትቸገሪ የምፈልገውን ልዘርዝርልሽ። ሦስት ወይም አራት አባቶች፣ በሁለት ወገን የሚቆሙ ጠበኛ መስለው የሚጫወቱ ሰዎች፣ አንድ ሰፊ ዱቡሻ። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ሜዳ ዱቡሻ እንደሚባል ለዳይሬክተሯ አስተምሬያታለሁ፤ ስትጠራው «ዳቡሻ» ነው የምትለው። ፀሐይ ያስፈልገኛል። የጠዋት ብርሃን ከጀርባቸው መጥቶ ሳሩ ላይ ሲያርፍ አረንጓዴው እንዲፈካ ነው የምፈልገው። ከፊት እቀርጻለሁ፣ ከዚያ ከጎን፣ ከዚያ ቀርቤ እጃቸውን። ስለዚህ ደጋግመው እንዲንበረከኩልኝ ንገሪልኝ፤ ለድካማቸው ይከፈላቸዋል። የኔን ሥራ ጥሩ የሚያደርገው መደጋገም ነው። እስኪዋጣልኝ አልለቅም፤ እዚህም ስሜን ያስጠራው እሱ ነው።

መልስሽን ቶሎ እጠብቃለሁ።

ካሌብ


አርባ ምንጭ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለካሌብ፤

ጌታ ዘመንህን ያለምልመው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። መልሴ ዘገየ። ቤቲ ቆማ «ምን ልበለው» ስትለኝ «እያሰበች ነው በይው» አልኳት፤ ማለቷን አላውቅም።

ዶርዜ ወጣሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ተመላልሻለሁ። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲያያዘው የኔ ጉልበት አብሮ ነው የሚያቃስተው። አባቶቹን የሚመሩት ጋሽ ሀብተሚካኤል ናቸው፤ ደግነትን ያውቁት ነበር። ያልከውን ሁሉ አስረዳኋቸው። ስለ ክፍያው ሳነሳ ፊታቸውን ስላጠቆሩብኝ እሱን ተውኩት። ቀጥለው ጠቡ በማንና በማን መካከል እንደሆነ ጠየቁኝ። ጠብ እንደሌለ፣ ሰዎቹ ጠበኛ እንደሚመስሉ ነገርኳቸው። ቀና ብለው ሲያዩኝ እኔው ራሴ የሰፈር ሞኝ መሰልኩ።

በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ጽጌሬዳ፣ ይህ ሳር ከወደቀ ማንም አይሻገረውም። ጠብ በሌለበት ከጣልነው ጠብ ያለበት ቀን ማን ይሰማናል?»

ልክ ናቸው። አንተም ልጅ ሳለህ ገበያ ላይ ሰው ተጋጭቶ ሳር ይዘው ሲመጡ አይተሃል፤ ዱላ ያነሳው ሁሉ እንዴት ቀጥ እንዳለ ታስታውሳለህ። ተማክረው የደረሱበት ይሄ ነው፦ እውነተኛ ጠበኞች ካሉ፣ ሊታረቁም ከፈቀዱ፣ ሳሩ ይጣላል። ካሜራ ቆሞ ቢያይ አይከለክሉም። የሚጣለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መደጋገም የሚባል ነገር የለም፤ ይሄንን ደግሜ ጻፍኩልህ፣ መደጋገም የለም።

ለሥራህ አስፈላጊነቱን ስላወቅሁ ተስፋ አልቆረጥኩም። ጠበኞች አግኝቻለሁ። እነማን እንደሆኑ አትጠይቀኝ፤ ስትመጣ ታያቸዋለህ። አንደኛው ወገን ለመታረቅ አልፈለገም ነበር፣ ብዙ አስቦ ነው የፈቀደው።

ለጠበቃው ያልኩህን ተወው፤ አያስፈልገኝም። ገና ካልላክህ ለራስህ ጥሩ ካፖርት ግዛበት፣ ዶርዜ ብርድ ነው።

አክስትህ ጽጌሬዳ


ሎስ አንጀለስ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው አክስቴ፤

እጅሽን እስማለሁ። ደብዳቤሽን ለዳይሬክተሯ እየተረጎምኩ ሳነብላት ወንበሯን ጎትታ ተጠጋችኝ። እውነተኛ ጠብ፣ እውነተኛ እርቅ ስትል በደስታ መቀመጥ አቃታት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቀዘቀዘች። ፕሮዲውሰሮቹማ ጮሁብኝ። አንዱ «አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀረጽ ትዕይንት ላይ ይህን ሁሉ ሰው በአውሮፕላን የሚጭን ሲኒማቶግራፈር አላየሁም» አለኝ። አሁን አየህ አልኩት።

አልፈራሁም። ሦስት ካሜራ በአንድ ላይ አቆማለሁ፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል። በየካቲት ጠዋት ዶርዜ ፀሐይ እንደማይነፍገኝ አውቃለሁ። የጠበቃውን ነገር ለምን እንደተውሽው አልገባኝም፤ ካሸነፍሽ ደስ ይበልሽ። ስመጣ ታጫውቺኛለሽ።

ካሌብ


ሎስ አንጀለስ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው አክስቴ ለወይዘሮ ጽጌሬዳ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ሰላም ለቤትሽ። ከተመለስኩ ሰነበትኩ፤ ልጽፍልሽ ተቀምጬ ደጋግሜ ተነስቻለሁ። እዚያ ሳለሁ ልጠይቅሽ ስል «በኋላ፣ መጀመሪያ ብላ» እያልሽ አሳለፍሽኝ። በማግስቱ ደግሞ አውሮፕላን ይጠብቀን ነበር። ስለዚህ አሁን ሁሉንም እኔ ባየሁት በኩል ልንገርሽ።

ያን ጠዋት ጉሙ እንደወረደ አልነሳ አለ። ካሜራዎቼን ለፀሐይ ነበር ያዘጋጀኋቸው። ዳይሬክተሯ እስኪገለጥ እንጠብቅ ስትል ጋሽ ሀብተሚካኤል ደግሞ ሳሩ ተቆርጧል፣ ሳይደርቅ ይጣላል አሉ። ወሰንኩና በጉሙ ውስጥ ቀረጻ አስጀመርኩ። አባቶቹ እርጥቡን ሳር ይዘው መጡ። ቀጥሎ ከግራ አንድ ሰው ሲመጣ በሌንሱ አየሁት፤ ካሱ ነው፣ የባልሽ ወንድም። ከቀኝ በኩል የምትመጣው ሴት ደግሞ አንቺ ነሽ።

እኔ ጋሞኛዬን ረስቼዋለሁ። ቤቲ ግን አጠገቤ ቆማ በጆሮዬ ታንሾካሹክ ነበር። አባቶቹ ስለ ደግነት ቀርከሃ ሲናገሩ፣ ክሱ እንደሚቋረጥ፣ ላይኛው ለካሱ ታችኛው ጠርዝ ብቻ ላንቺ እንደሚሆን ሲወስኑ ሰማሁ። ልትረቺው አንድ ወር የቀረሽ ክስ ነበር። ቆመሽ ሰማሽ። ሳሩ ሲወድቅ እጅሽን ዘረጋሽ፤ ካሱም ያዘው። እኔ ቆሜ ካሜራ አስቀርጻለሁ። የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም፣ እንደዚያም ኮርቼ አላውቅም።

ጉሙ ግማሽ ፊታችሁን ሸፍኖት ነበር። ዳይሬክተሯ ምስሉን አይታ «ግራጫ ነው፣ ይደገም» አለች። የመብራት ሠራተኛው መብራቱን ተሸክሞ በሳሩ ላይ ሊሻገር ሲል እጁን ይዤ መለስኩት። «ይሄ ተውኔት አይደለም፣ አልቋል» አልኳት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሽም፤ ካሱ ለምሳ ቤቱ ይዞሽ ሄዶ ነበር።

እዚህ ስንመለስ ፕሮዲውሰሮቹ ትዕይንቱን ጣሉት። አሁን ስቱዲዮ ውስጥ ዱቡሻ እየሠሩ ነው፤ ሳሩ ላስቲክ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ተዋናዮች ናቸው፣ ፀሐዩ የኔ መብራት እንዲሆን ፈለጉ። አልቀርጽም አልኳቸው። ካልቀረጽኩ ከፊልሙ ሙሉ በሙሉ እንደምወጣ፣ ሌላ ሲኒማቶግራፈር እንደሚተካኝ፣ እስከ ሰኞ መልስ እንድሰጥ ነገሩኝ። መልሴ ያው ነው። አክስቴ መሬቷን የተወችበትን ነገር በላስቲክ አልጫወትበትም። አሁን ቤቴ ተቀምጫለሁ። ያደረግሽልኝን የምከፍልሽ በዚህ ነው።

የሚወድሽ ካሌብ


አርባ ምንጭ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካሌብ፤

ሰላምታዬን መጨረሻው ላይ ታገኘዋለህ፤ መጀመሪያ ቁጣዬን አንብብ።

ደብዳቤህን ቤቲ ጠዋት አመጣችልኝ፤ ጨርሼው፣ አንድ ስልክ ብቻ አስደውዬ፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ እየጻፍኩልህ ነው። ቤቲንም አላስቀምጣትም፣ አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች። ሰኞ ሳይደርስ ይድረስህ።

ማን ነው ክፈለኝ ያለህ? ያንን ቀርከሃ የተውኩት አንተ ሥራህን እንድትይዝ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ካሱን ወድጄው አይደለም፣ ጻድቅ ሆኜም አይደለም። ያንተ ሹመት ከኔ ቀርከሃ ይበልጣል ብዬ አሰብኩ፣ ቆርጬ ገባሁ። ቆጭቶኛል? አዎ፣ ቆጭቶኛል። ዶርዜ ስወጣ ካሱ ከላይኛው ላይ ሲያስቆርጥ ድምፁን ስሰማ ሆዴ ይቃጠላል። ግን «እትዬ ጽጌ፣ ደህና አደርሽ» ይለኛል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። እሱ ጉዳይ አልቋል። አሁን አንተ ሥራውን ጥለህ ቤትህ ከተቀመጥክ እኔ ቀርከሃዬን ለምን ሰጠሁ? ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ልንቀር ነው? ይሄ ውለታ መመለስ አይደለም፣ ውለታ ማፍረስ ነው።

የላስቲክ ሳሩ ነገር ግን የኔ ብቻ ስላልሆነ ለጋሽ ሀብተሚካኤል አስደወልኩላቸው። ካሱ ነው ስልኩን ወስዶ ያገናኘኝ፤ እሱም ያንተን ነገር ሰምቶ ተጨንቋል። ጋሽ ሀብተሚካኤል ሳቁ። «ጠብ በሌለበት አገር፣ ሳር ያልሆነ ሳር፣ ሽማግሌ ያልሆነ ሰው ቢጥለው እኛን ምን ገዶን» አሉ። ተሰማህ? ያ ማንንም አያስርም። ያንን የጣልነው እኛ አይደለንም። እኛ የጣልነው እዚህ ወድቋል፤ ማንም አይነካውም፣ አንተም አላስነካህም። ስለዚህ ደውልና እመጣለሁ በላቸው። ገብተህ መብራትህን አብራ፣ ከሁሉም የተሻለ አድርገህ ቅረጸው። አትልፈስፈስ።

እንግዲህ ሰላምታዬ። ጌታ እጅህን ያጽና፣ ዓይንህን ያብራ፣ በጠላትህ ፊት ቀና አድርጎ ያቁምህ። መልስህ «እሺ» ብቻ ይሁን፣ በወረቀት።

አክስትህ ጽጌሬዳ


ሎስ አንጀለስ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው አክስቴ ለወይዘሮ ጽጌሬዳ፤

እሺ።

«እሺ» ብቻ በለኝ ብለሽ ነበር፤ ብዬሻለሁ፣ ፈጽሜዋለሁም። አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ያን ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። የተገነባውን ዱቡሻ ሳይ መጀመሪያ ወደ በሩ ዞሬ ነበር፤ ከዚያ ያልሽውን አስታውሼ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ለፀሐዩ ትልቁን መብራት ከጀርባ ሰቀልኩት፤ ላስቲኩ ሳር እውነተኛ እስኪመስል ድረስ ለፋሁበት። ራሴን ላወድስና፣ ከዶርዜው ሳር በላይ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ፕሮዲውሰሮቹ ተደሰቱ። ያ የጮኸብኝ ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ቀኑን ሙሉ ደጋግመን ቀረጽነው። ከፊት ቀረጽን፣ ከጎን ቀረጽን፣ ቀርበን እጃቸውን ቀረጽን። ተዋናዮቹ ጎበዞች ናቸው፤ አልቅሱ በተባሉ ቁጥር ያለቅሳሉ፣ ታረቁ በተባሉ ቁጥር ይተቃቀፋሉ። ያንቺን ቦታ የያዘችው ሴት በእውነት ትልቅ ተዋናይት ናት። ዳይሬክተሯ ግን እያየች አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ይደገም ትላለች። ምን እንደጎደላት ራሷም አታውቅም።

ከምሳ በኋላ ሁሉንም አስቁማ የዶርዜውን ምስል ከዚህኛው አጠገብ አስከፈተችና ደጋግማ አየችው። ጉም ውስጥ ቆመሽ፣ ፊትሽ በግማሽ ሳይታይ፣ እጅሽን ከመዘርጋትሽ በፊት ትንሽ ዘግይተሻል። እዚያ ላይ አቆመችው። ተዋናይቷም አጠገቧ ቆማ ታያለች። ዳይሬክተሯ ወደኔ ዞረችና፣ «ካሌብ፣ ይህችን ሴት ታውቃታለህ። እንደሷ እንድትቆምልኝ ለተዋናይቷ ምን ልንገራት?» አለችኝ።

«ቀርከሃ ይኑራት፤ ከባሏ ጋር የተከለችው። ከዚያ ለእኔ ስትል ትተወው» አልኳት።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ክሱን፣ መጋቢትን፣ ላይኛውንና ታችኛውን ጠርዝ። ተዋናይቷ ከትከሻዋ ላይ ጋቢውን አውርዳ በጥንቃቄ አጠፈችው፤ እኔ ይሄን አልጫወትም አለች። ዳይሬክተሯ የጉሙን ምስል እንደገና ካስጀመረች በኋላ እስከ መጨረሻው አየችው።

ከዚያ «መብራቶችህን አጥፋ፤ ከዶርዜ የመጣው ይበቃናል» አለችኝ።

አንድ በአንድ አጠፋኋቸው።

የወንድምሽ ልጅ፣ የፊልሙ ዋና ሲኒማቶግራፈር፣ ካሌብ ገነነ